የመኪና አርማ በጉልበት አይነቀልም

የተሰበረ የመኪና አርማ ወይም ጌጥ ሊለወጥ ሲፈለግ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናነሳው ካቻቢቴ ነው። ይህ ትክክል አይደለም። የፋብሪካ ቀለም ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ የካቻቢቴ ጫፍ በቀላሉ ይልጠዋል። የተራቆተውን ላሜራ ውሃና አየር ሲያገኘው ይዝጋል። ጥፍር የምታህል ቦታ ለማዳን ሲባል ሙሉ በር እስከ መቀባት ይደረሳል፤ ወጪው ቀላል እንዳይመስላችሁ!

በመጀመሪያ አርማው በምን እንደተያዘ እንወቅ። በአሮጌው ቮልስዋገን ኮፈን ላይ ያለው አርማ እግሮቹ በላሜራው ቀዳዳ ገብተው የተያዙ ናቸው። እንዲህ ያለው ከውስጥ በኩል ቀስ ተብሎ ይገፋል እንጂ ከውጭ አይፈነቀልም። በአሁኖቹ መኪኖች ግን አብዛኛው በማጣበቂያ የተለጠፈ ነው። የተለጠፈው እንደሚከተለው ይነሳል፦

1ኛ/ አካባቢውን በሳሙና ማጠብ፤ አቧራና አሸዋ ካለ ቀለሙን ይፍቃል።

2ኛ/ በፀጉር ማድረቂያ ወይም ሙቅ ውሃ በነከረ ጨርቅ ማሞቅ፤ ሙቀት ማጣበቂያውን ያለሰልሳል።

3ኛ/ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር ከአርማው ሥር አስገብቶ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ መሳብ።

4ኛ/ የቀረውን ማጣበቂያ በአውራ ጣት እያሹ ማንከባለል። እምቢ ካለ ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ማሸትና ወዲያው በሳሙና ማጠብ። ቲነር ግን ቀለሙንም ስለሚያሟሟ አይሞከርም።

አርማው የነበረበት ቦታ ደመቅ ብሎ ቢታይ አትደንግጡ፤ ዙሪያውን ፀሐይ ስላደበዘዘው ነው።

እንግዲህ ጓደኞች፣ ሙቀት በቁስ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ነገ ስናስተምር፣ በሰሌዳ ከመጻፍ አልፈን እንዲህ ባለ ሥራ ብናሳይ ተማሪው አይረሳውም።