ያየውን የመሰከረ ሰው፤ የመሐመድ አሚን ታሪክ

1። ስለ ምስክርነት

በሰው ዘንድ ከሚከበሩት ሥራዎች አንዱ እውነተኛ ምስክርነት ነው። በሽማግሌ ሸንጎ ፊት ሁለት ሰዎች ተካሰው በቆሙ ጊዜ ዳኛው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ያየ ማን ነው?» ብሎ ነው። «ሰማሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ «በቦታው ነበርሁ፥ በዐይኔም አየሁ» የሚል ግን ጥቂት ነው። ከነዚያም ከጥቂቶቹ መካከል ሳይጨምርና ሳይቀንስ፥ ለወዳጁ ሳያደላ ጠላቱንም ሳይበድል የሚናገር እጅግ ያነሰ ነው።

የከፋ ሰው የምስክርን ዋጋ ከገዛ ታሪኩ ሊረዳው ይችላል። በ1889 ዓ.ም. በከፋ መንግሥትና በዐፄ ምኒልክ ጦር መካከል ብርቱ ጦርነት ሆነ፤ በመጨረሻውም የከፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማረኩ፥ መንግሥታቸውም ፈረሰ። በዚያ ጊዜ የሆነውን ነገር ዕለት ዕለት እየጻፈ ለዓለም የሚያስታውቅ ጋዜጠኛ በቦታው አልነበረም። ነገር ግን በ1890 ዓ.ም. አሌክሳንደር ቡላቶቪች የሚባል የሩስያ መኰንን ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋራ ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ ለመሄድ በከፋ አለፈ። እሱም አገሩ መጥፋቱንና በሣሩ መካከል የሰው ዐፅም ተበትኖ ማየቱን በመጽሐፉ ጻፈ። ይህ መኰንን የተጓዘው ካሸነፈው ወገን ጋራ ነበር፤ ሆኖም ያየውን አልሸሸገም። ስለዚህ ከብዙ ዘመን በኋላ የተወለደ የቦንጋ ልጅ በአያቶቹ ላይ የደረሰውን መከራ ከቃል ታሪክ ሌላ ከጽሕፈትም ሊያገኘው ይችላል።

ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት ሳይሞላ በምስክር ብዕር ላይ ሌላ መሣሪያ ተጨመረ፤ ይኸውም ካሜራ ነው። በካሜራ ከሠሩትና በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ከሚነሣው ጋዜጠኞች ዋናው መሐመድ አሚን ነው። የሚከተለው ታሪክ የሱ ነው።

2። ልጅነቱና ሥራው

መሐመድ አሚን በነሐሴ 23 ቀን 1935 ዓ.ም. በናይሮቢ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከሕንድ አገር ከፑንጃብ የመጡ የእስልምና ተከታዮች ነበሩ። ቤተ ሰቡ ወደ ዳሬ ሰላም ከተማ በሄደ ጊዜ፥ እሱ ገና ተማሪ ሳለ፥ አንዲት ትንሽ ካሜራ ገዝቶ ሥዕል ማንሣት ተማረ። ባለጠጋ አልነበረም፤ ትምህርቱንም ያገኘው ከታላቅ ትምህርት ቤት ሳይሆን ዕለት ዕለት በመሥራት ነው። ሃያ ዓመት ገደማ በሆነው ጊዜ ካሜራፒክስ የተባለውን የሥዕልና የፊልም ድርጅት አቋቋመ።

በጥር ወር 1956 ዓ.ም. በዛንዚባር ደሴት የመንግሥት ግልበጣ ሆኖ ብዙ ደም ፈሰሰ። መሐመድ ወደዚያ ሄዶ የሆነውን ሁሉ በፊልም ቀረጸ። ከዚያ በኋላ ግን ባለ ሥልጣኖቹ እንዲታይ የማይወዱትን ነገር በማንሣቱ በደሴቲቱ ታሰረ፤ አንድ ወር ያህልም በእስር ቤት ተሠቃይቶ ተለቀቀና ከአገር ተባረረ። እሱ ግን ሥራውን አልተወም፤ ወደ ናይሮቢ ተመልሶ እንደ ቀድሞው ቀጠለ። በሰኔ 28 ቀን 1961 ዓ.ም. የኬንያ ሚኒስትር ቶም ምቦያ በናይሮቢ መንገድ ላይ በጥይት ሲመታ፥ ፈጥኖ ደርሶ ያንን የኀዘን ሰዓት ለታሪክ ያስቀመጠ እሱ ነበር።

የጦርነትና የመከራ ስፍራ ጋዜጠኛ ሥራ እንዲህ ያለ ነው፤ ሌላው ሰው ከሚሸሽበት ቦታ እሱ ይገባል። ወታደር መሣሪያ ይዞ ይገባል፤ ጋዜጠኛ ግን የሚገባው ባዶ እጁን፥ ካሜራውን ብቻ በትከሻው ተሸክሞ ነው። አንዱ ወገን የሌላው ሰላይ ነው ብሎ ሊጠረጥረው፥ ሊያስረው ወይም ሊገድለው ይችላል። ከዚህም ሁሉ ጋራ ሥዕሉ በጊዜው ካልደረሰ ድካሙ ከንቱ ይሆናልና መንገድ መፈለግ፥ ፈቃድ መለመንና መከራከር ከሥራው እኩሌታ ነው።

3። በቆረም የታየው ነገር

ቦንጋ ዝናም የሚበዛበት፥ ደኑ የጠና፥ ቡናው በዱር የሚበቅልበት አገር ነው። በጓሮው እንሰት ያለው ሰው አንድ ዓመት እህል ቢያንሰው እንኳ ከእንሰቱ ይበላል። ስለዚህ በዚህ አገር ያደገ ልጅ፥ ምድር ደርቃ እንደ ሸክላ ስትሰነጣጠቅ፥ ከብት በመንገድ ላይ ሲወድቅ፥ አባት ቤቱን ዘግቶ ልጆቹን ይዞ ሲሰደድ አላየም። ያላየውንም ነገር ለመረዳት ይቸግረዋል። በሩቅ አገር ያለ ሰውማ እንዴት ይረዳዋል?

በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ይህ ሁሉ መከራ ደረሰ። ዝናም ቀረ፤ በዚያም ላይ በደርግ መንግሥትና በዐማፅያን መካከል ጦርነት ስለ ነበረ ገበያ ተዘጋ፥ መንገድ ተቈረጠ፥ እህልም ከቦታ ወደ ቦታ መሄድ አልቻለም። በመስከረም 1977 ዓ.ም. መንግሥቱ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ክብር ሲያከብር፥ የተራበው ሕዝብ ግን በዋናው መንገድ ዳር ወደ ቆረም ይሰበሰብ ነበር። ቆረም በዚያ ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ያለች፥ ከአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ በደጋ ላይ የተሠራች ትንሽ ከተማ ናት።

መሐመድ አሚን ስለዚህ ነገር በሰማ ጊዜ ከባለ ሥልጣኖቹ ጋራ ብዙ ተከራክሮ የመግቢያ ፈቃድ አገኘ። በጥቅምት ወር ማይክል በርክ ከሚባል የእንግሊዝ ራዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ጋዜጠኛ ጋራ ወደ ቆረምና ወደ መቀሌ ሄደ። በቆረም የደረሱበት ሰዓት ንጋት ነበር። የደጋው ብርድ ገና አልተነሣም፤ ጢሱና ጉሙ ተቀላቅሎ በሜዳው ላይ ተኝቷል። ፀሐይ ስትወጣ ሜዳው በሰው የተሸፈነ መሆኑ ታየ። እናት ልጇን በነጠላዋ ሸፍና ተቀምጣለች፤ በሌሊት የሞቱትንም ዘመዶቻቸው እየገነዙ በመስመር ያስተኟቸዋል። እህሉና መድኀኒቱ ጥቂት፥ የተራበው ሕዝብ ግን እጅግ ብዙ ነበር።

መሐመድ ካሜራውን ይዞ ቀስ እያለ በሕዝቡ መካከል አለፈ። ሥዕሉን ለማሳመር አልደከመም፤ ማንንም ተነሥ ወይም ተቀመጥ አላለም። የነበረውን እንደ ነበረ ቀረጸ። በርክም የታየውን በጥቂት ቃል ተናገረበት።

ይህ ፊልም በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደን ቴሌቪዥን ታየ። ከዚያም ከ400 የሚበልጡ የልዩ ልዩ አገር የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተቀባብለው አሳዩት። ከዚያ አስቀድሞ ስለ ራቡ ብዙ ወረቀት ተጽፎ ነበር፤ የእርዳታ ሠራተኞችም ደጋግመው ተናግረው ነበር። ነገር ግን ሰምቶ ዝም ያለው ዓለም ባየ ጊዜ ደነገጠ።

4። ሥዕሉ ያደረገውና ያላደረገው

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ድንቅ ነው። በኅዳር ወር የእንግሊዝ አገር ዘፋኞች ቦብ ጌልዶፍ በሚባል ሰው አስተባባሪነት ተሰብስበው ለተራቡት ገንዘብ የሚገኝበትን ዘፈን ቀረጹ። በሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ በለንደንና በፊላዴልፊያ ከተሞች በአንድ ቀን ታላቅ የሙዚቃ በዓል ተደረገ፤ ብዙ ሚሊዮን ብርም ተሰበሰበ። በዚያ ዘመን በጠላትነት የሚተያዩት የምሥራቅና የምዕራብ መንግሥታት አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ለአንድ ሥራ ተገናኙ። በዚህም ምክንያት የብዙ ሰው ሕይወት ተረፈ።

ይሁን እንጂ ሥዕል ሁሉን አይናገርም። ፊልሙ ረኃብተኛውን አሳየ፤ ለምን እንደ ተራበ ግን በሙሉ አላስረዳም። ብዙዎቹ ተመልካቾች ነገሩ ከዝናም መጥፋት ብቻ የመጣ መስሏቸው ነበር፤ ጦርነቱና የመንግሥቱ ሥራ ያባሱት መሆኑን ያወቁ ጥቂቶች ናቸው። በዚያ ራብ የሞተውን ሰው ቍጥር የመረመሩ ሊቃውንት ከ400,000 እስከ 1 ሚሊዮን ድረስ ይገምቱታል። ደግሞም መንግሥቱ ወደ 600,000 የሚሆን ሕዝብ ከሰሜን አንሥቶ ወደ ወለጋ፥ ወደ ኢሉባቦር፥ ወደ ጐጃም፥ ወደ ጋምቤላና ወደ ከፋ አሰፈረ። ከነዚህ ብዙዎቹ የሄዱት ሳይወዱ በግድ ነበር፤ በመንገድና በሰፈሩበትም ቦታ በበሽታ ያለቁ አሉ። እንግዲህ የቆረም መከራ እስከ ከፋ ድረስ ደረሰ ማለት ነው።

እውነተኛ ሥዕልም በሰው እጅ ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። በ1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ራብ በፊልም አንሥቶ በአገሩ አሳየ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ራቡን ሸሽጎ ነበርና ፊልሙ በኢትዮጵያ አልታየም። በ1967 ዓ.ም. መባቻ ግን ደርግ በፊልሙ ላይ የቤተ መንግሥት ግብር ሥዕል እየቀላቀለ በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። ራቡም እውነት ነበር፥ ግብሩም እውነት ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱን አጋጥሞ የቀጠለው ሰው የራሱ ዐሳብ ነበረው። ያው ደርግ ከ10 ዓመት በኋላ በገዛ ዘመኑ ራብ በመጣ ጊዜ፥ ቀድሞ የነቀፈውን መሸሸግ እሱ ራሱ አደረገው። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ሥዕል ባየ ጊዜ ማን አነሣው፥ መቼ አነሣው፥ ማንስ ምን ቀጠለበት ብሎ ይጠይቃል።

5። የክንዱ መቈረጥና አሟሟቱ

መሐመድ አሚን ከ1977 ዓ.ም. በኋላም ወደ ኢትዮጵያ መመላለሱን አልተወም። በግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት በወደቀ ጊዜ በአዲስ አበባ ነበር። ከሳምንት በኋላ በግንቦት 27 ቀን በከተማው የነበረ የጥይት ግምጃ ቤት በእሳት ተያያዘ። እሱና ድምፅ የሚቀርጸው ረዳቱ ጆን ማታይ ነገሩን ሊያነሡ ሄዱ። ግምጃ ቤቱ እንደ ገና በብርቱ ሲፈነዳ ጆን ማታይ ሞተ፤ የመሐመድም ግራ ክንዱ ተቈረጠ።

ሥራው ሁሉ በሁለት እጅ የሚሠራ ሰው አንዱን እጁን ባጣ ጊዜ ብዙ ሰው የሥራው ፍጻሜ መስሎት ነበር። እሱ ግን በአሜሪካ አገር ሰው ሠራሽ ክንድ አሠርቶ፥ ካሜራውን በዚያ መያዝ ተምሮ፥ ጥቂት ወራት ቈይቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲመለስ የተሳፈረበትን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሦስት ጠላፊዎች ያዙት። አብራሪው ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ አይበቃም ብሎ ቢያስረዳቸው አልሰሙትም፤ ወደ አውስትራልያ ውሰደን አሉት። ነዳጁ ባለቀ ጊዜ አብራሪው በኮሞሮስ ደሴት አጠገብ በባሕር ላይ ለማሳረፍ ሞከረ። በአውሮፕላኑ ከነበሩት 175 ሰዎች 50 ተረፉ፥ 125 ሞቱ። መሐመድ አሚንም ከሞቱት አንዱ ሆነ። የተረፉት ሰዎች እንደ ተናገሩት፥ እሱ በመጨረሻው ሰዓት ቆሞ ከጠላፊዎቹ ጋራ ይከራከር ነበር። ዕድሜው 53 ዓመት ነበር።

6። ከዚህ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

አንዳንድ ሰዎች «ሰው ሲሞት ካሜራ ከማንሣት እጅን ዘርግቶ መርዳት አይሻልምን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ ሰው በአንድ ጽዋ ውሃ አንዱን ጥሙን ሊቈርጥለት ይችላል፤ ይህም መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን በቆረም ሜዳ የነበረው ሕዝብ በአንድ ሰው ጽዋ የሚበቃው አልነበረም። ያን ሕዝብ ያበላው ሥዕሉን አይቶ የተነሣው ዓለም ነው። ሆኖም ምስክር ከመከራ ውስጥ ለራሱ ስም የሚፈልግ ከሆነ፥ ወይም የችግረኛውን ክብር የሚያዋርድ ከሆነ፥ ሥራው ከበጎ ሥራ አይቈጠርም።

ሁሉም ሰው ካሜራ ይዞ ወደ ጦርነት ስፍራ አይሄድም። ነገር ግን ሁሉም ሰው በመንደሩ ምስክር ነው። የጐረቤት ከብት እህል ሲበላ ያየ ልጅ፥ ሁለት ጓደኞቹ ሲጣሉ ማን እንደ ጀመረ ያየ ተማሪ፥ በችግረኛ ላይ ግፍ ሲደረግ ያየ ጐልማሳ፥ ሁሉም ይጠየቃል። ያን ጊዜ ያየውን እንዳየው፥ ያላየውንም አላየሁም ብሎ ቢናገር፥ በትንሹ የዚህን ሰው ሥራ ሠራ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ነገር ግን እውነት የሚጠራው የመሰከረ ሰው ሲኖር ነው።

ጥያቄ

1። አሌክሳንደር ቡላቶቪች በከፋ ምን አየ? የጻፈውስ ስለ ምን ይታመናል?

2። ስለ ራቡ አስቀድሞ ሲነገር ዓለም ዝም ብሎ ፊልሙን ካየ በኋላ የተነሣው ለምንድን ነው?

3። የቆረም ፊልም ያላስረዳው ነገር ምንድን ነው?

4። እውነተኛ ሥዕል ሰውን ሊያሳስት የሚችለው እንዴት ነው? ከ1967 ዓ.ም. ታሪክ ምሳሌ ስጥ።

5። በመንደርህ ካሉት ሽማግሌዎች አንዱን ስለ አንድ የጥንት ነገር ጠይቅ። በዐይናቸው ያዩትንና ከሌላ የሰሙትን ለይተህ ጻፍ።