የልጆቻችን መክሊት
(ለወላጆችና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን)

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ መክሊት ያስተማረው ምሳሌ (ማቴ. 25፥14-30) በየቁምስናችን በተደጋጋሚ ይነበባል። ብዙ ጊዜ የምናተኩረው ግን በሦስተኛው አገልጋይ ስንፍና ላይ ብቻ ነው። ልጆች የምናሳድግና የምናስተምር ሁለት ነገሮችን ልናስተውል ይገባናል። ጌታው አምስት ያተረፈውንና ሁለት ያተረፈውን ያመሰገነው በአንድ ዓይነት ቃል ነው፤ አላወዳደራቸውም። ሦስተኛው ደግሞ መክሊቱን የቀበረው ስለ ፈራ መሆኑን ራሱ ተናግሯል። አንድ መክሊት የቀን ሠራተኛን የሃያ ዓመት ያህል ደመወዝ የሚያህል ነበረና፣ አንድ ብቻ የተሰጠውም ድኻ አልነበረም።

በእኛ ዘንድ ልጅ የሚመዘነው በምንድን ነው? በከተማው በሰኔ ካርድ ላይ በሚጻፈው ደረጃ፣ በወገራና በደባርቅ ገጠር በከብት ጥበቃና በእርሻ ሥራ ነው። ከዚህ ሚዛን የወጣው «ደነዝ» ይባላል። እኔም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለሁም። ከዓመታት በፊት ጥያቄና መልሱን በቃሉ መያዝ ያቃተውን አንድ እረኛ ልጅ ከኋላ አስቀምጬ ረሳሁት። በልደት ዋዜማ የከበሮው ጠፍር ተበጥሶ ሁላችን ስንጨነቅ፣ ጠፍሩን ፈትቶ ቆዳውን እንደገና የወጠረው እርሱ ነበረ። ላመሰግነው ስፈልግ ስሙን አላወቅሁትም።

የቀድሞ አባቶቻችን የልጆችን ልዩነት ያውቁ ነበር። በየኔታ ዘንድ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አንዱ ፊደል ሲቆጥር ሌላው ዳዊት ይደግማል፤ ሁሉም በየአቅሙ ይሄዳል፤ የቀደመው ለኋለኛው ያስቀጽላል። ከዳዊት በኋላ መንገዱ ይለያያል፤ አንዱ ወደ ቅኔ ቤት ይገባል፣ ሌላው ዝማሬ መዋሥዕት ሊማር ወደ ዙር አምባ፣ ሌላው አቋቋም ሊማር ወደ ጎንደር በአታ ይጓዛል። (ዱላውንና የሴቶች ልጆችን ከትምህርት መቅረት ግን ከዚህ ውርስ ለይተን መተው ይገባናል።)

ከዚህ ትምህርት ፍሬዎች አንዱ በ1791 እ.ኤ.አ. በጎጃም የተወለደው ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ነው። በልጅነቱ አንድ ዓይኑን ቢያጣም ከመጻሕፍት አልራቀም። በመርጡለ ማርያም ተማረ፤ በጎንደር ሊቃውንት መካከል መጻሕፍትን መረመረ፤ በኋላም አቡነ ያዕቆብ ከምንለው ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደያኮቢስ ጋር ደቀ መዛሙርትን አስተማረ። በ1855 እ.ኤ.አ. በእስራት ሳለ ዐረፈ፤ በ1926 እ.ኤ.አ. ብፅዕናው ታወጀ።

የመጽሐፍ ስጦታ ብቻ ግን ስጦታ አይደለም። ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን መናቅ በሀገራችን የቆየ ነውር ነው። በጎንደር አጠገብ በወለቃ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል በእጃቸው ሥራ አገር ሲጠቅሙ «ቡዳ» ይባሉ ነበር። ይህ ስድብ ስንቱን ልጅ ሙያውን እንዳስደበቀው እግዚአብሔር ያውቃል። እኛ ግን በአናጢ ቤት ያደገውን ጌታ እናመልካለን።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት የብዙ ትምህርት ቤቶች በር ተዘግቷል። ለአንዳንዱ ልጅ የእሑዱ ትምህርተ ክርስቶስ ያገኘው ብቸኛ ትምህርት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ውድ መምህራን፣ በደብተራችሁ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ስጡ። ሳይታዘዝ በፈቃዱ የሚሠራውን ጻፉ፦ ታናሹን የሚያባብል ማን ነው? ዜማን አንድ ጊዜ ሰምቶ የሚይዝ ማን ነው? በስፌት ወይም በጭቃ ቅርጽ የምታወጣው ማን ናት? ዘወትር «ለምን?» የሚለውስ? ከዚያም ሥራ ስጧቸው፤ ተረት የሚያውቀው የወንጌሉን ታሪክ ለታናናሾቹ ይንገር፣ ዝምተኛዋ የልደትን ሥዕል ትሣል። ሲሳሳቱ በጓደኞቻቸው ፊት አታሳፍሯቸው።

ያያችሁትን ለወላጆች ንገሩ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. የልጆች ቀዳሚዎቹና ዋነኞቹ አስተማሪዎች ወላጆች መሆናቸውን አስገንዝቧል፤ ሆኖም በኑሮ የደከመ አባት ከብቱ ሲጠፋ እንጂ ልጁ ሲዘምር ላይሰማ ይችላል። ገጹ ባዶ የቀረ ልጅ ካለ ደግሞ በሚቀጥለው እሑድ ከእርሱ አጠገብ ተቀመጡ።