የካንሰር በሽተኛ በሕክምናው ጊዜ በቤቱ ራሱን እንዲጠብቅ ከነርስ የሚማረው ትምህርት

በካንሰር የታመመ ሰው ኬሞቴራፒ የሚባለውን መድኃኒት ሲወስድ በሆስፒታል የሚቆየው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሰዓት ወይም ጥቂት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ድረስ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በቤቱ ይሰነብታል። መድኃኒቱ የሚያስከትለው የአፍ ቍስል፤ ድካምና ትኩሳት የሚነሣውም አብዛኛውን ጊዜ በእነዚሁ ሐኪም በማያየው ቀኖች ነው። ስለዚህ በሽተኛው ወደ ቤቱ ከመሄዱ አስቀድሞ ነርሷ ከእርሱና ከአስታማሚው ጋር ተቀምጣ ልታስረዳቸው፤ እነርሱም ያልገባቸውን ደግመው ሊጠይቋት ይገባል።

ከሁሉ የሚቀድመው የትኩሳት ነገር ነው። ይህ መድኃኒት ካንሰሩን ሲያጠፋ በአጥንት መቅኔ ውስጥ የሚፈጠሩትን ነጭ የደም ሕዋሳትም ይጎዳል። እነዚህ ሕዋሳት ሰውነትን ከበሽታ ጀርሞች የሚጠብቁ ዘቦች ናቸው፤ ቍጥራቸውም በብዙዎቹ መድኃኒቶች ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ እጅግ ይቀንሳል። በዚያን ጊዜ ጀርም ቢገባበት በሽተኛው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ለሞት ሊያሠጋው ይችላል። መግል የሚሠራውም ከእነዚሁ ሕዋሳት ስለ ሆነ ቍስልም እብጠትም ሳይታይ ትኩሳቱ ብቻ ምልክት ሆኖ ሊቀር ይችላል።

እንግዲህ በበሽተኛው ቤት ቴርሞሜትር መኖር አለበት። ሙቀቱ 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን፤ ወይም ብርድ ብርድ ብሎት ቢንቀጠቀጥ፤ ሌሊትም ሆነ በዓል ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው እንጂ ቀጠሮን መጠበቅ አይገባም። ፓራሲታሞል ውጦ መተኛት ደግሞ ያታልላል፤ ሙቀቱን ያበርዳል እንጂ ጀርሙን አይገድልምና። ሆስፒታል እንደ ደረሰም መድኃኒቱን የወሰደበትን ቀን አስቀድሞ ይናገር፤ ተራ ጠብቆ የሚታይ በሽተኛ አይደለም። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ብቸኛ ቦታ ስለ ነበረ፤ ከሩቅ አውራጃ መጥቶ መታከም የተለመደ ነው። እንዲህ ያለው በሽተኛ ትኩሳት ቢነሣበት በአቅራቢያው ወደ የትኛው ሆስፒታል እንደሚሄድ ሳይጠይቅ አይመለስ።

ለአፍ ቍስል በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ በቀን ብዙ ጊዜ መጕመጥመጥና መትፋት ይጠቅማል። የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ግን ፈጽሞ አይነካ። በርበሬ የበዛበት ወጥ ቀርቶ አጥሚትና ለስላሳ ምግብ ጥቂት ጥቂት እያለ ይቅረብለት፤ ጥሬ ሥጋም አይብላ። ጾም የሚይዝ ሰው ሕክምናውን ሳይጀምር የሃይማኖት አባቱን ያማክር። የማቅለሽለሽ መድኃኒት በታዘዘው ሰዓት የሚወሰድ ነው፤ ትውከቱ ከጀመረ በኋላ መዋጥ ጥቅሙን ያሳንሰዋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከብደው የዝምታ ልማድ ነው። ሕመምን ችሎ መቀመጥ በእኛ ዘንድ እንደ ጨዋነት ይቈጠራል፤ ብዙ በሽተኛም ሐኪሙን እንዳያስቸግር ብሎ፤ ወይም መድኃኒቱ እንዳይቋረጥበት ፈርቶ ሕመሙን ይደብቃል። ይህ በሌላም አገር ያለ ነገር ነው። በኒውዮርክ በሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ሆስፒታል 766 በሽተኞች የተካፈሉበት ጥናት ተደርጎ ነበር፤ ሁሉም ካንሰሩ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተዛመተባቸው ነበሩ። ከፊሎቹ እንደ ወትሮው ሲታከሙ ከፊሎቹ የሚሰማቸውን በኮምፒውተር እያስታወቁ፤ ሕመሙ ሲብስ መልእክቱ ወዲያው ለነርሷ ይደርስ ነበር። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. በወጣው ውጤት መካከለኛው የሕይወት ዘመን ሕመማቸውን ላስታወቁት 31 ወር፤ ለሌሎቹ 26 ወር ያህል ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ 5 ወር ነው፤ የመጣውም በአዲስ መድኃኒት አይደለም።

ለእኛ ኮምፒውተሩ ባይኖር ደብተር ይበቃል። መድኃኒቱ የተሰጠበት ቀን 1ኛ ቀን ተብሎ፤ በየማታው ሙቀቱ፤ የበላው፤ ያስታወከውና የሕመሙ ብርታት ይጻፍበት። በሽተኛው ማንበብ የማይችል እንደ ሆነ ተማሪ ልጁ ወይም የሠፈሩ መምህር ሊጽፍለት ይችላል። በሽፋኑ ላይ የነርሷ ስልክ ቍጥር በጕልህ ይጻፍ፤ ደብተሩም በቀጠሮው ቀን ከካርዱ ጋር ይያዝ።