የንጉሥ እንጀራና የጸሐፊ ብዕር

በዚህ ዓመት በታሪክ ትምህርት ስለ ህንድ ነገሥታት ስንማር አንድ ጥያቄ በልቡናዬ ገብቶ ሲመላለስ ከረመ። እንጀራውን ከንጉሥ ማዕድ የሚበላ ሊቅ ስለዚያው ንጉሥ እውነቱን ለመጻፍ ይችላልን? የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ እኔ ገና ተማሪ ስለሆንሁ የመጨረሻውን ፍርድ ለመስጠት አልደፍርም። ሳነብ ያገኘሁትን ብቻ በትሕትና አቀርባለሁ።

በአውሮጳ አቈጣጠር ከ1556 እስከ 1605 ህንድን የገዙት ንጉሥ አክባር ራሳቸው ማንበብ አልተማሩም ይባላል። ነገር ግን ሊቃውንትን ከየማዕዘኑ ይሰበስቡ ነበር። ዘፋኙ ታንሴን፥ ቀልደኛው ቢርባል፥ ታሪክ ጸሐፊው አቡል ፋዝል በግቢያቸው ኖረዋል፤ ሕዝቡም ዋናዎቹን «ዘጠኙ ዕንቍዎች» ብሎ ሰይሟቸዋል። (ስለ ቢርባል የሚወራው ሁሉ የኛን አለቃ ገብረ ሐናን ያስታውሰኛል። ባለቤቱ ያልታወቀ ቀልድ ሁሉ እዚያ ለቢርባል፥ እዚህ ለአለቃ ይሰጣል።)

አቡል ፋዝል ወደ አክባር ግቢ በገባበት በ1574 ባዳዩኒ የሚባል ሌላ ሊቅም ገባ። አቡል ፋዝል ንጉሡን ከፍ ከፍ የሚያደርገውን አክባርናማ የተባለውን ታላቅ ታሪክ ጻፈ። ባዳዩኒ ደግሞ ቀን ቀን በንጉሡ ትእዛዝ የህንድን መጻሕፍት ወደ ፋርስ ቋንቋ ሲተረጕም እየዋለ፥ በንጉሡ ሃይማኖታዊ አሳብ የተቈጣበትን ሁሉ በስውር ይጽፍ ነበር። መጽሐፉ የታወቀው ንጉሡ ካረፉ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ አክባርን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ማንበብ ግድ ይሆንበታል።

በአገራችንስ እንዴት ነበር? በጎንደር ዘመን የንጉሡን ዜና መዋዕል በግዕዝ የሚጽፈው ጸሐፌ ትእዛዝ ነበር፤ ለምሳሌ የዐፄ በካፋን ታሪክ የጻፉት ሲኖዳ ናቸው። ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ታሪካቸው በአማርኛ ተጽፏል። አለቃ ዘነብ ንጉሡ በሕይወት ሳሉ የጻፉት ምስጋና የበዛበት ሲሆን፥ እስከ ፍጻሜያቸው አላደረሰውም። የመከራውን ዘመን ሳይሸሽጉ የተረኩት አለቃ ወልደ ማርያም ናቸው፤ እሳቸውም የጻፉት ንጉሡ ከሞቱ በኋላ ነው። እንደ ባዳዩኒ መጽሐፍ ሁሉ እዚህም እውነቱ የወጣው ከቀብር በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

ቴዎድሮስ ከጎንደርና ከሌላም ስፍራ ብዙ የብራና መጻሕፍት ሰብስበው በመቅደላ አኑረው ነበር። የንጉሥ ግምጃ ቤት ለመጻሕፍት መልካም ጥላ ይመስላል። ነገር ግን በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሲወድቁ ጥላውም አብሮ ወደቀ። እንግሊዞች ምርኮውን በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ጭነው አወረዱት፤ 350 የሚያህሉት ብራናዎችም ለንደን ገቡ።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የነበሩት የሁለት ሰዎች ነገር ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥዕል እንዲማሩ ምኒልክ ወደ ኢጣልያ ላኳቸው። በኋላ ከቤተ መንግሥቱ ተለይተው በዚያው በኢጣልያ ኖሩ፤ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በሮም አሳተሙ። በዓመቱም «ዳግማዊ ምኒልክ» የተባለውን መጽሐፍ አወጡ፤ ይህም ውዳሴ የሞላበት ነው። የንጉሡ ማዕድ በሌለበት ስፍራ ተቀምጦ እንዲህ ማወደስ ምንድር ነው? ምናልባት የታረቀ ልብ ይሆናል፤ ምናልባትም ደጅ ጥናት። እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል።

በምኒልክ ቤተ መንግሥት ያገለገሉት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ግን ለታሪክ ጸሐፊ አስተዋይ ልቡናና የማያዳላ አእምሮ እንደሚያስፈልገው አስረድተው፥ የነአፈወርቅን አጻጻፍ ነቀፉ። ስለ ምኒልክም የሚመሰገነውንና የሚነቀፈውን በአንድነት ጻፉ። ይህ «ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለው ጽሑፋቸው በ1904 ዓ.ም. የታተመው በአዲስ አበባ ሳይሆን በአሥመራ ነው። ያን ጊዜ አሥመራ በኢጣልያ እጅ ነበረች፤ ንጉሡም በሕመም ከሥራ ርቀው ነበር። እንግዲህ የገብረ ሕይወትን ድፍረት ስናደንቅ ይህንንም መዘንጋት የለብንም።

በእኛ በከምባታና በጠምባሮ ምድር የነበሩት ዎማ የሚባሉት ነገሥታት ጸሐፌ ትእዛዝ አልነበራቸውም። አገሩ በምኒልክ ጦር ከመያዙ በፊት የነበረው ሁሉ በሽማግሌዎች አፍ ቀርቷል። ስለዚህ ባለፈው የእረፍት ጊዜ ደብተሬን ይዤ ከሙዱላ ጥቂት ራቅ ብለው ወደሚኖሩ አንድ አዛውንት ሄድሁ። «አባባ፥ ዎማው እንዴት ያለ ሰው ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ስለ ፍርዱ ቅንነት አንድ ወሬ፥ ስለ ግብሩ ክብደት ሌላ ወሬ ነገሩኝ፤ ሁለቱንም ጻፍሁ።

ቆጮና ጎመን በልተን፥ ቡናም ጠጥተን የጻፍሁትን ሳነብላቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፥ የኋለኛውን ሰርዘው፤ እነዚያ ሰዎች ዘመዶች አሏቸው፤ እኔም ከነሱ ጋር ነው የምኖረው» አሉኝ። እንጀራቸውን በልቼ እምቢ ማለት እንዴት እንደከበደኝ ልነግራችሁ አልችልም። ስማቸውንም የሚኖሩበትንም መንደር ከደብተሬ ፋቅሁ፤ ወሬውን ግን አልሰረዝሁትም።