ራሱን ለሳተ ሰው ማን ይወስንለታል?

እንደሚታወቀው ሰው ሲታመም ለሕክምናው «እሺ» ወይም «እምቢ» የሚለው ራሱ ነው። አንደበቱ ሲዘጋስ? ይህን ጥያቄ ያነሳነው በቅርቡ ከደረሰብን ነገር ተነስተን ነው።

ከመኝታ ክፍላችን አንድ ልጅ ከደረጃ ወድቆ ሆዱ ውስጥ ደም ፈሰሰ። ተሸክመን ሐኪም ቤት ስናደርሰው ራሱን ስቷል። «ለቀዶ ጥገናው ማን ይፈርማል?» ተባልን። እርስ በርስ ተያየን። አንዱ «እኔ ልፈርም» ሲል ሌላው «ቢሞትስ? ለእናቱ ምን ልትላት ነው?» አለው። በዚህ መሀል አንድ ሐኪም መጥተው «ይሄ ፊርማ የሚጠብቅ አይደለም» ብለው አስገቡት። ልጁ ድኗል፤ እኛ ግን አለማወቃችን አሳፈረን። በመሆኑም ጠይቀንና አንብበን የተረዳነውን እናካፍላችኋለን።

አንደኛ፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 20 ማንም ሰው ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። አካለ መጠን ላላደረሰ ልጅና በፍርድ ለተከለከለ ሰው ግን ይህ ሥልጣን የአሳዳሪው ነው። አሳዳሪ ሰውየውን ራሱን ይጠብቃል፤ ንብረቱን የሚጠብቀው ሞግዚት ነው።

ሁለተኛ፦ 18 ዓመት የሞላው ሰው ራሱን ስለሳተ ብቻ በፍርድ ተከለከለ አይባልም፤ ለዚያ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል። እንግዲህ ጓደኛ ይቅርና ወንድምም ቢሆን በዝምድናው ብቻ አሳዳሪ አይሆንም።

ሦስተኛ፦ ታዲያ ሰው ተኝቶ ይሙት? አይደለም። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የሊዝበን መግለጫ በተባለው ሰነዱ መሠረት፣ ሕክምናው አጣዳፊ ሆኖ ሕጋዊ ወኪል ካልተገኘ፣ ሕመምተኛው ቀደም ሲል እምቢ ማለቱ በማያጠራጥር ሁኔታ ካልታወቀ በቀር እንደፈቀደ ይቆጠራል።

አራተኛ፦ ፋታ ካለ ቤተሰብ ይጠየቃል። ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ለዘመድ የሚቀርበው ጥያቄ «አንተ ምን ትፈልጋለህ?» ሳይሆን «እሱ መናገር ቢችል ምን ይል ነበር?» መሆን አለበት። ይህን የሚመልሰው ሰውየውን የሚያውቅ ብቻ ነው።

እጩ መምህራን! ነገ ከቤተሰብ ርቀን ገጠር ልንመደብ እንችላለን። ስለዚህ ዛሬውኑ የቅርብ ዘመዳችሁን ስምና ስልክ ጽፋችሁ ለክፍል ጓደኛችሁ ስጡ። ብንታመም የምንፈልገውንና የማንፈልገውንም ለሚያምኑን ሰዎች በጤናችን እንንገር።

የመወያያ ጥያቄ፦ አብሯችሁ የሚተኛው ልጅ ዛሬ ማታ ራሱን ቢስት፣ ለማን ነው የምትደውሉት?