ለጋ ችግኝን ከሌሊት ውርጭ ስለ መጠበቅ

በክረምት በብዙ ድካም የተተከለ ችግኝ በኅዳርና በታኅሣሥ ወር በአንዲት ሌሊት ውርጭ ተመትቶ ጠቁሮ ማደሩ፥ በደጋ አገር ያላችሁ ገዦች፥ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች በዓይናችሁ ያያችሁት ነገር ነው። በደብረ ብርሃንና በመንዝ በኩል ይህ እንግዳ አይደለም፤ ከደጋም በላይ ያለውን ከፍተኛ አገር አባቶቻችን «ውርጭ» ብለው መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ጉዳቱም የድኻውን ጓሮ ብቻ የሚነካ አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በብራዚል አገር በፓራና ክፍል የወደቀው ውርጭ የቡናውን ተክል ስለ ፈጀው፥ በዓለም ገበያ የቡና ዋጋ እጅግ ወጥቶ ነበር።

የውርጭ አመጣጥ እንዲህ ነው። ምድር ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትሰድዳለች። ደመና ባለ ጊዜ ደመናው እንደ ጋቢ ሆኖ ሙቀቱን ይመልስላታል፤ በበጋ ግን ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱም ጸጥ ሲል ሙቀቷ ያለ ከልካይ ይሄዳል። በዚያን ጊዜ ወደ ምድር የቀረበው አየር ከላይኛው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በሰው ቁመት ልክ የተሰቀለ ቴርሞሜትር ከዜሮ በላይ 2 ወይም 3 ዲግሪ እያሳየ፥ በችግኙ ቅጠል ላይ አመዳይ ሊገኝ ይችላል። በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ቅጠሉን ከውስጥ ያፈርሰዋል፤ ፀሐይ በወጣች ጊዜ የተቀቀለ መስሎ የሚጠቁረው ስለዚህ ነው። ድንችና ቲማቲም ፈጥነው ይመታሉ፤ ጎመን ግን ብዙ ይታገሣል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የስፍራ ምርጫ ነው። የቀዘቀዘ አየር ከሞቀው ይልቅ ከባድ ስለ ሆነ፥ እንደ ውኃ ቁልቁል ወርዶ በረባዳው ስፍራ ይተኛል። የችግኝ መደብ ግን ብዙ ጊዜ ውኃ ለመቅዳት እንዲመች ሲባል በወንዝ ዳር በሸለቆው ግርጌ ይሠራል። ይህም ችግኙን ብርድ በሚጠራቀምበት ገንዳ ውስጥ እንደ ማስቀመጥ ነው። ውኃ ተሸክሞ መውጣት ቢያደክምም፥ መደቡ ከሸለቆው ከፍ ብሎ በተረተሩ ወገብ ላይ ቢሠራ ይሻላል፤ ለውኃ ቀጂው ረዳት መጨመር የሹሙ ፋንታ ነው። ከመደቡ በታች በኩል የድንጋይ ካብ ወይም ጥቅጥቅ ያለ አጥር ካለ ብርዱን እንደ ግድብ ያቆመዋልና፥ የሚወጣበት በር ይከፈትለት። ከላይ በኩል ያለው ካብ ግን የሚወርደውን ብርድ ወደ ጎን ስለሚመልስ ይጠቅማል።

ሰሌን ወይም የሣር ክዳን በአጫጭር ባላ ላይ ተዘርግቶ፥ ቅጠሉን ሳይነካ መደቡን ይሸፍን። የሚለብሰውም ከመሸ በኋላ ሳይሆን ምድር ገና ሙቀት ሳላት፥ ከቀኑ በ11 ሰዓት ነው፤ ጧት በ2 ወይም በ3 ሰዓት ይገለጥ። ቀን ተሸፍኖ የሚውል መደብ ፀሐይ ስለማያገኝ ለሌሊት የሚሆን ሙቀት አያተርፍም።

በችግኞቹ መካከል ጭድ መነስነስ ርጥበትን ይጠብቃል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጭዱ የምድሩን ሙቀት ከታች አፍኖ ስለሚያስቀር፥ ከእርሱ በላይ ያለው ቅጠል ይብስ ይመታል። በውርጭ ወራት ጭዱ ተጠርጎ ምድሩ ይጋለጥ፤ ርጥብ ምድር ከደረቅ ምድር ይልቅ ሙቀት ያስቀምጣልና ረፋድ ላይ ውኃ ይጠጣ። ፍግም ከመስከረም በኋላ ባይጨመር ይሻላል፤ የሚያወጣው ለምለም ቡቃያ ብርድ አይችልም።

ጢስ ውርጭን ይከለክላል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ጢሱ ግን ከምድር የሚወጣውን ሙቀት እንደ ደመና አያግደውም፤ የሚረዳው የእሳቱ ሙቀት ነው። ያውም የአንድ ትልቅ እሳት ሙቀት ሽቅብ ስለሚያመልጥ፥ በየቦታው የተበተኑ ብዙ ትናንሽ እሳቶች ይሻላሉ። እንጨትና ኩበት ውድ በሆነበት አገር ለዚህ ሥራ ማቃጠል ግን የሚመከር አይደለም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ውርጭ የመታው ችግኝ ቢገኝ፥ ወዲያው አይነቀል፥ ጫፉም አይቆረጥ። ባሕር ዛፍና ሌላውም ብዙ ተክል ጫፉ ጠቁሮ ግርጌው ሕያው ሊሆን ይችላል፤ የደረቀውም ጫፍ የቀረውን ከሚመጣው ሌሊት ብርድ በጥቂቱ ይከልልለታል። ስለዚህ የወረዳው ሹም የጠፋውን ችግኝ ቍጥር የሚጽፈው በማግሥቱ ሳይሆን፥ የውርጩ ወራት አልፎ አዲሱ ቡቃያ ከታየ በኋላ ይሁን።