ለቀለበቱ ትምህርት ጀማሪዋ

ልጄ፣ የትግራይ ጦርነት ከትምህርት ገበታ ካራቀሽ በኋላ መቀሌ ዩኒቨርሲቲ እንዳየሱስ ግቢ ገብተሽ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መጀመርሽን ሰምቼ ደስ አለኝ። የአሮማቲክ ውህዶች ምዕራፍ ላይ ስትደርሺ ሽምደዳ እንዳያሸንፍሽ ይህን ልንገርሽ።

1. ከአጸግብሮቱ በፊት ቀለበቱን ዕወቂ። ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1825 የለየው ቤንዚን ስድስት ካርበንና ስድስት ሃይድሮጂን አለው። ኬኩሌ በ1865 ቀለበት አድርጎ ሣለው፤ ነጠላና ድርብ ትስስር እያፈራረቀ። አንድ ድርብ ትስስር ያለው ሳይክሎሄክሲን ሃይድሮጂን ሲጨመርበት በሞል 120 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይለቃል። ሦስት ሲሆን 360 ይጠበቃል፤ ቤንዚን የሚለቀው ግን 208 ነው። የጎደለው 150 ኪሎጁል ገደማ ስድስት ኤሌክትሮኖች በቀለበቱ ዙሪያ በመሰራጨታቸው የተገኘ መረጋጋት ነው። ይህን 150 ደብተርሽ ሽፋን ላይ ጻፊው። ብሮሚን ለምን የብረት ብሮማይድ ካልረዳው አይነካውም? ከነካው በኋላስ በመጨመር ፈንታ ለምን አንድ ሃይድሮጂን አስወጥቶ በቦታው ይገባል? ቀለበቱ መረጋጋቱን በቀላሉ አይለቅም፤ ለጊዜው ቢያጣው እንኳ ሃይድሮጂኑን ጥሎ ያስመልሰዋል።

2. የኤሌክትሮን ጉዞ የሚያሳየውን ቀስት ስትስዪ መነሻው ኤሌክትሮን ያለበት ይሁን። ሁልጊዜ።

3. ቀድሞ ቀለበቱ ላይ የተቀመጠውን ቡድን መርምሪ። ሃይድሮክሲል ኤሌክትሮን ስለሚያካፍል አዲሱን መጤ ወደ ኦርቶና ፓራ ይመራል፤ ፌኖል ላይ የብሮሚን ውሃ ስታንጠባጥቢ ያለ ካታሊስት ነጭ ዝቃጭ የሚወርደው ለዚህ ነው። ናይትሮ ግን ኤሌክትሮን ይስባል፤ ቀለበቱን ያዳክማል፣ ወደ ሜታም ይመራል። ሠንጠረዡን ከምትሸመድጂ መሐል ላይ የሚፈጠረውን ካቲየን ለሦስቱም ቦታ ሣዪና የትኛው እንደሚረጋጋ ራስሽ ፍረጂ።

4. መልመጃ ከቤትሽ ፈልጊ። ለስዋ የሚገባውን ጌሾ ታውቂዋለሽ፤ ብርሃኑ አበጋዝና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ከቅጠሉ ያሳወቁት መራራ ንጥረ ነገር፣ ጌሾይዲን፣ ስኳር የተያያዘበት የናፍታሊን ዘር ነው። ሻይ ውስጥ የሚገባው ጦስኝ ደግሞ ታይሞልና ካርቫክሮል አለው። ሁለቱም ፌኖሎች ናቸው፤ የሚለያዩት በሃይድሮክሲሉ ቦታ ነው። ብሮሚን በየትኛው ካርበን ላይ እንደሚገባ ለሁለቱም ሥሪ፤ ከብዙ የመጽሐፍ ጥያቄ የተሻለ ልምምድ ነው።

5. ቤንዚንን ፍሪው፤ የደም ካንሰር ያመጣል። ማሟሟት ብቻ ከሆነ ሥራሽ ብዙ ጊዜ ቶሉይን ይበቃል፤ እሱንም ጭስ መምጠጫው ሥር ያዥው። ናይትሬሽን ስትሠሪ አሲዱን በጠብታ ጨምሪ፣ ቴርሞሜትሩን አትልቀቂ። የመኪና ነዳጅም ቤንዚን አለበት፤ ጋራዥ የሚሠራ ወንድም ካለሽ በነዳጅ እጁን እንዳይታጠብ ንገሪው።